ጎተራ መርሳ ላይ አቤት አለ

ጎተራ ተገኘ! አልሐምዱሊላህ፣ መርሳ ላይ ቁጭ ብለን ስሙን ጽፈን ብንጠራው በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አለ! መስኮታችንም አይዘጋም፣ ቦርዱ ዛሬ ጠዋት ወስኗል!

ለተከበሩ አቶ ፈቃዱ ሙላት
የ«ዘር ለፍሬ» ገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተርና መረጃ ክፍል ኃላፊ
ወልድያ

ደስታዬ ሰላምታዬን ስለቀደመው ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ አሁን ግን በሙሉ አክብሮት ጤናዎ እንዴት ነው፣ ደም ግፊትዎ ረጋ ወይ፣ ባለፈው ሰኞ መርሳ ላይ ያጠመቀዎት ላብ ደረቀልዎ ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ። እኛ የመርሳ ቅርንጫፍ ሠራተኞች፣ ማለትም እርስዎ «አቅም የላቸውም» ብለው የጻፉብን ሁለት ሴቶች፣ እኔ ዘይነባና ባልደረባዬ ትንሳኤ፣ አላህ ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በዩኒየናችን የቴሌግራም ገጽ ላይ የማወጣው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ የትንሳኤን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አባል ሁሉ እንዲያነበው እዚሁ ገጽ ላይ የለጠፉት እርስዎ ስለሆኑ፣ ከአለቃ መልካም ልማድ መማር ደግሞ የበታች ሠራተኛ ግዴታ ስለሆነ ነው።

ነገሩን ላልሰሙ አባላት ባጭሩ ላስረዳ፣ ማሳጠር ባልችልበትም። የእያንዳንዱ ገበሬ የዘር ድርሻ ተመዝግቦ ያለው ወልድያ ዋናው ቢሮ በተቀመጠው ሰርቨር ውስጥ ነው፤ ስሙም ጎተራ ይባላል። እኛ መርሳ ሆነን በቪፒኤን፣ በኢንተርኔት ውስጥ ለእኛ ብቻ በታጠረ መንገድ ማለት ነው፣ ወደ ጎተራ እንገባለን፣ ድርሻውን እናያለን፣ ዘሩን ከመጋዘን አውጥተን በመስኮቱ እንሰጣለን። ካላየን አንሰጥም። ታዲያ መጋቢት ላይ እርስዎ ሪባን ቆርጠው፣ ፎቶ ተነስተው፣ አዲሱን የኔትወርክ ዕቃ ካስመረቁ ማግስት ጀምሮ ቪፒኤኑ «ተገናኝቷል» ይለናል፣ ጎተራን ስንጠራ ግን «በዚህ ስም የሚታወቅ የለም» ይለናል። በሩ ተከፍቶ ባለቤቱ የጠፋበት ቤት ሆነብን።

ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ስሙን አሳስታችሁ ጽፋችሁ ነው ብለው ስለመከሩን እናመሰግናለን። ጎተራ በእንግሊዝኛ ፊደል ስድስት ሆሄ ነው፤ እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ስድስት ሆሄ አያቅተኝም ብዬ ነበር። እርስዎ ግን የቁልፍ ሰሌዳችንን ፎቶ አንስተን እንድንልክ አዘዙ፣ ላክን፤ «ተጠርጎ ይጻፍበት» ብለው መለሱ፣ ጠረግን። ዛሬ በመላው ሐብሩ ወረዳ ከዚያ ሰሌዳ የበለጠ ንጹሕ ነገር ቢኖር የእርስዎ ሕሊና ብቻ ነው፤ እሱ መቼም ተነክቶ አያውቅም።

፪. ትንሳኤ አንድ ቀን ስሙን ትታ ጎተራን በቁጥር አድራሻው ብትጠራው ወለል ብሎ ተከፈተ። እልል ብለን ደወልንልዎ። መንገዱ ደህና ነው፣ ሰርቨሩም አለ፣ የጠፋው ስሙን የሚያውቅልን ነው ማለታችን ነበር። እርስዎም በስም መግባት ሲገባ በቁጥር መግባት በመስኮት እንደ መግባት ይቆጠራል ብለው ያንን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉባት፣ በቁጥር የሚገባበትንም ዘጉት። ሕመሙ እዚህ ጋ ነው ብሎ ጣቱን ያሳረፈን ሰው ጣቱን መምታት የእርስዎን ያህል የተካነ ሐኪም ብቻ የሚችለው ሕክምና ነው።

፫. «ወልድያ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ ጎተራን ያገኘዋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የመርሳ ነው» ስላሉን እናመሰግናለን። እርስዎ ምሳ በልተው ሲነሱ የሲሪንቃና የሐራ ከተማ ሰው ሁሉ ጠግቦ ያደረ ይመስልዎታል ማለት ነው፤ ደስ የሚል ባሕርይ ነው።

፬. ይህን ስጽፍ ሳቄ ስለሚጠፋ አላስረዝመውም። እትዬ ሁሪያ የሚባሉ አባላችን አሉ፤ ባል የሞተባቸው፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው፣ ከማሽላ በቀር ሌላ የማትወድ አንዲት ማሳ ያለቻቸው። ድርሻቸውን መርሳ ማየት ስላልቻልን ወልድያ ሄዱ። እርስዎ ደግሞ መዝገብዎ የመርሳ ነው፣ መርሳ ይስተናገዱ ብለው መለሷቸው። እኛ አልታይ ሲለን አልቅሰን እንደገና ላክናቸው፤ እርስዎ እንደገና መለሷቸው፣ ወንበር እንኳ ሳይሰጧቸው። በሚኒባስ ወዲያና ወዲህ ሲሉ የማሽላው ጊዜ አለፈ፣ ያሳረሷት ማሳም ዘንድሮ ጦሟን አደረች። ዘሩ በዚያን ጊዜ ሁሉ ከጀርባዬ መጋዘን ውስጥ ነበር። ለዚህ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

፭. ይልቅ ወደ ሰኞው ልሂድ። የመርሳ መስኮት «በሠራተኞች አቅም ማነስ» ይዘጋ፣ አባላትም ለጤፉ ዘር ወልድያ ድረስ ይምጡ ብለው ለቦርዱ ጽፈው ሲያበቁ፣ አቅም ማነሳችንን በአባላት ፊት ለማሳየት የራስዎን ላፕቶፕ ይዘው መምጣትዎ ትልቅ ውለታ ነው። ብልህ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አይመጡም ነበር፣ እኛም ተዘግተን ቀርተን ነበር። በንጹሕ ሸሚዝዎ ተቀመጡ፣ ቪፒኤኑን ከፈቱ፣ ጎተራ ብለው ጻፉ። በዚህ ስም የሚታወቅ የለም። ደግመው ጻፉ። የለም። ያኔ የአባላቱ ሰብሳቢ ሼህ ሚስባህ ከኋላ ሆነው በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው «ልጄ፣ አሳስተህ ጽፈህ እንዳይሆን፤ ሰሌዳህስ ተጠርጓል?» ብለው ጠየቁዎት። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር፤ እኔ ብቻ አልሳቅሁም፣ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ስለነበር አላዩኝም።

ቀጥሎ ያደረጉትን ከልቤ አደንቃለሁ። ከደሴ መጥታ ይህን ሁሉ መጀመሪያ የዘረጋችልንን ባለሙያ ናጅዋን፣ እኛ እንዳንደውልላት የከለከሉንን ናጅዋን፣ ግቢው ውስጥ ቆመው ደወሉላት። ድምፅ አልሰማ ቢልዎት ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት። አላህ የስልክዎን ጆሮ ያደነቆረው ለእኛ አዝኖ ነው።

ናጅዋም እንዲህ አለች፤ እኛም ሰማን፣ ጥላ ሥር የነበሩት ገበሬዎችም ሰሙ። «ወልድያ ቢሮ ያሉት ኮምፒውተሮች እኮ ጎረቤታሞች ናቸው፣ በአጥር ላይ ቢጣሩም ይሰማማሉ። የመርሳው ጩኸት ወልድያ አይደርስም። ስሙ የት እንዳለ የሚያውቀውን የቢሮውን የስም ሰርቨር መጠየቅ አለበት። አሁን ቪፒኤናችሁ የሚጠይቀው የውጭውን ነው፤ የውጭ ሰው የእናንተን ጎተራ በምን ያውቀዋል? እኔ የቢሮውን አድራሻ አስገብቼ ነበር የሄድኩት። ማነው የቀየረው?»

የቀየረው ሪባኑን የቆረጠው እጅ መሆኑ፣ አቶ ፈቃዱ፣ ግቢው ውስጥ ላለነው ሁሉ ያኔውኑ ገባን። ሼህ ሚስባህ «መልስላት እንጂ ልጄ፣ ሰው ሲጠይቅ ዝም አይባልም» ሲሉዎት እርስዎ ጫማዎን ሲያዩ ቆዩ። ቆንጆ ጫማ ነው፣ አይቼዋለሁ።

አድራሻውን ትንሳኤ አስገባች፤ እርስዎን ቁጥሩ አልመታ ብሎዎት ነው፣ ከአቅም ማነስ እንዳይመስልብዎ። ቪፒኤኑን ዘግታ ከፈተች፣ ጎተራ ብላ ጻፈች፣ አቤት አለ። መጀመሪያ የወጣው ስም የሼህ ሚስባህ ነበር፤ የጤፍ ዘራቸውንም ያኔውኑ በመስኮቱ ተሸክመው ወጡ። እርስዎ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ የሚል ሐሜት አለ፤ እኔ ግን መኪናዎ ውስጥ ሆነው ለናጅዋ ምስጋና እየጻፉ ነው ብዬ ተከራክሬያለሁ።

አሁን አንዲት ትንሽ ልመና ብቻ አለችኝ፦ የትንሳኤ ማስጠንቀቂያ በተለጠፈበት በዚሁ ገጽ ላይ መሰረዙ ይለጠፍ። ስሟን አሳስተው እንዳይጽፉ፣ በቅድሚያ ሰሌዳዎን ይጥረጉ።

እርስዎ ባይኖሩ ይህ ሁሉ ደስታ እንደማይኖር፣ ችግሩም አብሮ እንደማይኖር፣ ለአፍታ ሳልዘነጋ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከተቻለም ትንሽ ዕፍረት እየተመኘሁልዎ፣ ከወንበሬ ተነስቼ፣ እጅ ነስቼ የምሰናበትዎ፣

አቅመ ቢሷ
ዘይነባ ዓሪፍ
መርሳ፣ ከማይዘጋው መስኮት

ማሳሰቢያ፦ ለጎተራ ስም በግ እናርዳለን። አቂቃ፣ የልጅ ስም ማውጫ እርድ፣ አልለውም፣ አስተግፊሩላህ፣ ለብረት አቂቃ የለም፤ የዱዓና የምሳ ቀን ነው። ናጅዋ ከደሴ ትመጣለች፣ የሐብሩ አባል ሁሉ ተጠርቷል። የእርስዎ ወንበር ከእትዬ ሁሪያ ጎን ተዘጋጅቷል፤ ወልድያ ቢሮ ወንበር እንዳልነበረ ስለሰማን ሁለት አዘጋጅተናል። ዱዓውን የሚከፍቱት እትዬ ሁሪያ ናቸው። ማንን አንስተው ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ የእርስዎን ስም ግን ያለ ቪፒኤን፣ ያለ ሰርቨር፣ ማንንም ሳይጠይቁ በቃላቸው ያውቁታል። እንዳይቀሩ፤ ማንም እንዳይቀር፦ የፊታችን ሐሙስ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ።