ወንበሬን ያላዞርኩበት ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ፣ ደረጃውን ስትወጪ አሁንም መሃል ላይ ታርፊያለሽ? እማዬስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሬን ማን ወሰደው እያለች ቤቱን ታምሳለች? ባለቤትሽ፣ ታናሿ ልጅሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ። ሰውነቴስ ደህና ነው፤ ፊቴን ግን የት እንደማደርገው ጨንቆኛል። እኔ ዘንድ ሆና ቫዮሊን የምትማረው ትልቋ ልጅሽ፣ ድንቢጥሽም ጤነኛ ናት። የምጽፍልሽ ግን ስለ እሷ ነው።

አምና ባለአደራ ሆንኩ ብዬ የጻፍኩልሽን ለሰፈሩ ሁሉ እንዳስነበብሽው ሰምቻለሁ። ልጅ ያልወለዱ አንዲት የፒያኖ መምህርት ሲሞቱ፣ ቤታቸው እየተከራየ ክላሲካል ሙዚቃ የሚማሩ ወጣቶች እንዲረዱበት ተናዘዙ፤ እሱን ነው አምስት ሆነን የምናስተዳድረው። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ኮንትራክተሩ፣ ፋርማሲስቷና የሒሳብ መምህሩ አሉ፤ እኔ ደግሞ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ። የገባሁ ቀን ኮንትራክተሩ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ የእህትህን ልጅ መቼ ነው የምታመጣት ብሎ አሳቃቸው። ስቄ ማለፍ ስችል የእኔ ዘመድ በዚህ በር አትገባም ብዬ ፎከርኩ። ማን ፎክር አለኝ? ቤት ገብቼም ድንቢጥን እንዳታመለክቺ ብዬ አስጠነቀቅኳት።

የሚረዳውን ልጅ የምንመርጥበት ፈተና በመጋረጃ ነው። ተጫዋቹ በቁጥር ይጠራል፣ በኮቴው እንዳይታወቅ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ እኛ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነን እንሰማለን። ከእኛ ውስጥ ተጫዋቹን ያወቀ ሰው ምንም ሳይናገር ወንበሩን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ስለዚያ ልጅም አስተያየት አይሰጥም። ሕፃን የማያቅተው ነገር ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዱ ተጫዋች ገብቶ ቫዮሊኑን ሲቃኝ ከወፍራሙ ክር ጀመረ። ሌሎቹ ሁሉ ከሁለተኛው ክር ነው የሚጀምሩት። ከወፍራሙ የምትጀምር፣ እኔው ራሴ ጥገና ቤቴ ውስጥ ያስለመድኳት አንዲት ልጅ ብቻ ናት። መምህሯ እኔን ሳያማክሩ አስመዝግበዋት ኖሯል። ከዚያ መጫወት ጀመረች። ምን ብዬ ልንገርሽ እትዬ፣ ፋርማሲስቷ መጻፏን ትታ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ የወንበሬን ጠርዝ ይዤ ቀረሁ። ባዞረው ኮንትራክተሩ ያየኛል፣ ይኸው ያልኩት ይላል። ፈራሁና አላዞርኩትም።

ትልልቆቹ እንዳይጫኑት ተብሎ መጀመሪያ የሚናገረው አዲስ የገባው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። መሣሪያውን የሚያውቀው እሱ ነው ስለሚሉም ሁሉም አፍ አፌን ያያሉ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ቀስቱን ይጫናል፣ ድምፁም ደረቅ ነው አልኩ። ነጭ ውሸት! ፋርማሲስቷ እኔስ ወድጄው ነበር፣ አንተ ካልክ ግን ምን እላለሁ ብላ ተስማማች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ድንቢጥ ወደቀች። ያለፈው ልጅ ጎበዝ ነው፣ እሱ ምንም አላጠፋም። እኔ ግን አልበላም ብዬ ልጅቱን ጦም አሳደርኳት።

ይህም ባልከፋ። የወደቀ ልጅ ለምን እንደወደቀ ዳኛዋ ስልክ ደውለው ይነግሩታል። ድንቢጥ የሰማችውን ይዛ መጣችና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ይቅርታ ጠየቀችኝ! ሳልነግርህ ገብቼ ወንበርህን አዙረህ እንድትቀመጥ አደረግኩህ አለችኝ። ወንበሬን ማዞሬን ፈጽሞ አልተጠራጠረችም። ከዚያ ወዲህ ቀስቱን እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው የምትነካው። ጎረቤት ድረስ ይሰማ የነበረው ድምፅ አሁን ከክፍሏ አይወጣም። የሌለባትን ጥፋት ስታርም የነበራትን እያጣች ነው፤ መምህሯም ልጅቱን ምን ነካብኝ ይሉኛል።

ሰኞ ዳኛዋ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አፍረጥርጬ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የቀሩት አራቱ በሚቀጥለው ወር እንደገና ይሰሟታል፣ አንተ ከዚህ በኋላ ከእኛ ጋር አትቀመጥም፣ ለልጅቷ ግን ራስህ ንገራት አሉኝ። ነገርኳት። አላለቀሰችም። ታዲያ ቀስቴን አልጫንም ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አትጫኚም፣ ድምፅሽ ሙሉ ነው አልኳት። ቫዮሊኗን አንስታ ትንሽ ሞከረችና አቆመች፤ እጇ አሁንም ይፈራል። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ ያን ቅዳሜ ደረቅ ነው ያልከውም አንተ፣ ዛሬ ሙሉ ነው የምትለኝም አንተ፣ የቱን ልመን አለችኝ። ለነገር ብላ አይደለም፣ እውነት ማወቅ ፈልጋ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውሰድ። ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ፤ የወንድምሽን ሹመት ለሰው ማውራቱንም በዘዴ አስተይልኝ። ታናሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጎረቤቶቻችንም ሰላምታዬ ይድረስ። ለድንቢጥ ግን በእኔ በኩል ምንም እንዳትልኪ። አንቺ ስለ ቀስት አታውቂም፤ ለእረፍት መጥታ ስትጫወት ግን ሰምተሻታል፣ ዋሽተሻትም አታውቂም። የሰማሽውን በራስሽ እጅ ጻፊላት፤ ከእኔማ ከእንግዲህ አትቀበልም።

ያሳፈረሽ ወንድምሽ

ከጥገና ቤቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ኅዳር ፲፪