የአባባ እጅና የሽቦ ክኒን

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ እንደምን አለ? ትንሿስ ጥርስ አበቀለች ወይስ እስካሁን በድዷ ነው ሰው የምትነክሰው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩት ግን ደብዳቤ የሚጀመረው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ወንድማችን፣ ያ ቅጥነቱ ሽቦ ያሰኘው፣ ክኒን መዋጥ ጀምሮ ነበር። በሽታ ኖሮበት እንዳይመስልሽ፤ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር የሚውጡት ነው። ባለፈው ሳምንት መስታወት መቁረጫ ሱቃችን ውስጥ አባባን ሲያግዝ ቆሞ እንቅልፍ ጣለውና ግድግዳ ላይ የተደገፈው መስታወት ላይ ወደቀ። ክንዱ ተሰፋ። እማዬ ኪሱን ስትፈትሽ የተረፈውን ክኒን አገኘችው።

ወዲያው ሽማግሌ ተጠራ። ሽማግሌ ስልሽ ያው አጎታችንና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ናቸው። ምክር በደረቅ ጉሮሮ አይሆንም ተባለና ጠርሙስ ተከፈተ። አጎታችን ሁለተኛውን ብርጭቆ ጨልጠው "ልጄ፣ ሱስ ሰውን ባሪያ ያደርጋል" አሉ። ልብስ ሰፊው "እውነት ነው፤ እስቲ ቅዱልኝ" አሉ። እኔ ሳቄን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ሽቦ ግን አባባ ጠዋት ጠዋት የሚጠጡት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። አባባ "እጄ እንዲረጋ ነዋ፤ መስታወት በሚንቀጠቀጥ እጅ አይቆረጥም" አሉ። ሽቦ "እኔም እንዲረጋልኝ ነው የምውጠው" አለ። አጎታችን ስለ ዘመኑ ልጆች ብዙ ተናገሩ። አባባ ግን "ነገ ሳልጠጣ እቆርጣለሁ፣ ታያለህ" ብለው ተነሡ።

በማግስቱ የሚቆረጠው የፀጉር አስተካካዩ መስታወት ነበር። ሥራውን ታውቂዋለሽ፤ መቁረጫው አንዴ ብቻ ነው የሚሄደው፣ በዚያው መስመር ከደገምሽው መስታወቱ አለቀለት። አባባ ላባቸው እየተንጠባጠበ ሞከሩ። መስመሩ ዶሮ የጫረችው መሰለ፤ መስታወቱም ተሰበረ። "ብርሃኑ ነው" አሉ፤ መብራት አበራሁላቸው። "ጠረጴዛው ነው" አሉ፤ እማዬ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችው። ሁለተኛውም ተሰበረ። መቁረጫውን ለሽቦ ሰጡት፤ የሱም እጅ ተንቀጠቀጠ። ሁለቱ ተያዩ። አባባ መቁረጫውን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ሱቁን ዘግተን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ "ታካሚው የትኛችሁ ነው?" አለች። አባባ ወደ ሽቦ ጠቆሙ፣ ሽቦ ወደ አባባ። "እንግዲያው ሁለታችሁም ተቀመጡ" አለቻቸው። የዘመናት መጠጥ በአንድ ቀን በጉልበት ሲተዉት አደጋ አለው ብላ አባባን ተቆጣቻቸው። አሁን በመድኃኒት፣ በክትትል ነው። ሽቦም አማካሪ ተሰጥቶታል። አንዱ ከቀጠሮው ከቀረ ሌላውም እንደሚቀር ተማምለዋል። እንደ ሌባና ፖሊስ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ፖሊሱ የትኛው እንደሆነ ግን ገና አልተወሰነም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባባ ስትመጪ ጠርሙስ እንድትይዢላቸው በስልክ ይለምኑሽ ይሆናል። "ለእንግዳ ነው" ይሉሻል። ድሮም ለእንግዳ ነበር የሚባለው፤ እንግዳው ግን ራሳቸው ነበሩ። ሻንጣዬ ሞልቷል በያቸው። አንጀትሽ አልችል ብሎ እሺ ካልሽ፣ ያ ጠርሙስ የሚጥለው ሁለት ሰው ነው።

እማዬ ጉንጭሽን ስማለች። ሽቦ ሰላም ብሎሻል፤ የክንዱ ስፌት ተፈቷል። አጎታችንም ሰላም ይሉሻል፤ የሚቀዳላቸው ስለሌለ እኛ ቤት መምከር አቁመዋል። ባለቤትሽንና ትንሿን ሳሚልን። አባባ የራሳቸውን ሰላምታ ከዚህ በታች በእጃቸው ሊጽፉልሽ ፈልገው ነበር። ሁለቴ ሞክረው ወረቀቱን መለሱልኝ፤ ትንሽ ቀን ስጪኝ ብለዋል።

ከሱቁ በላይ ካለው ቤታችን፣
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ