ፔዳሉን ሳልረግጥ የሰጠሁት ቁልፍ

ከእናታችን እኩል ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ ይድረስ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? የእናታችን ጉልበትስ ደረጃ መውጣቱን ቻለው? ወገብሽንስ ከመኪና ሥር መተኛቱ አልጎዳውም? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆንሁበት ነገር ሌላ ነው፤ እሱንም ከዚህ በታች እጽፈዋለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ እጅ የጻፈው ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ አቃንተሽ አንብቢልኝ።

«መጥቼ ካንተ ዘንድ ሆኜ የመካኒክ ሥራ ብፈልግ ምን ይመስልሃል?» ብለሽ የላክሽው ደብዳቤ በጊዜው ደርሶኛል። መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል ብለሽ አስበሽ እንደሆነ፣ አልጠፋም፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ። መልስ ልጽፍ በተቀመጥሁ ቁጥር «ክፍሌ ጠባብ ናት» ብዬ እጀምርና እቀድደዋለሁ። ክፍሌ ጠባብ መሆኗ እውነት ነው። ነገር ግን አራት ሆነን በአንድ ክፍል ላደግን ሰዎች ይህ ምክንያት እንደማይሆን አንቺም እኔም እናውቃለን። ከምሠራበት የጎማ ጥገና ቤት ማዶ ያለው ጋራዥ «መካኒክ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ከለጠፈ ሰንብቷል። በየቀኑ አየዋለሁ።

ለምን ዝም አልሁ? ደብዳቤሽ ሊደርሰኝ ሰሞን አንዲት ሴት መንገድ ላይ የፈነዳባትን ጎማ ራሷ ቀይራ፣ የፈነዳውን ልታስጠግን ወደ እኛ መጣች። እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል። ጢሞ የምንለው የሥራ ባልደረባዬ፣ ገና ከበሩ ሳትወጣ «ምስኪን፣ ወንድም የላትም እንዴ?» አለ። ሁሉም አውካካ። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም ከሁሉም አስበልጬ ሳቅሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት በጡረታ ላይ ያሉ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ባለቤታቸውን ደግሞ እማማ። አንዲት አሮጌ መኪና አለቻቸው። ፍሬን በያዙ ቁጥር ብረት ከብረት እየተፋጨ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሣል። ጋሼ «ይህች መኪና እንደ ባለቤቴ ናት፤ እኔን ስታይ ጥርሷን ታፋጫለች» ሲሉ፣ እማማ ደግሞ «የሚፋጭ ጥርስ መቼ ተርፎኝ!» ብለው ይመልሳሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ አዲስ የፍሬን ሸራ ገዝተው ወደ ጋራዥ ሊወስዷት ሲነሡ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ለዚችማ ጋራዥ ምን ያደርጋል? እዚሁ ግቢ ውስጥ እሠራታለሁ» አልሁ። ጋሼ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «የት ተምረህ?» አሉ። «ከአባቴ» አልኋቸው። ነፍሱን ይማረውና አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ከስፌት መኪና በቀር ሌላ መኪና ነክቶ እንደማያውቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሥራውን ግን አንቺ እንዳስተማርሽኝ ሠራሁት። ከኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ አስደገፍሁ። ብሎኖቹን ጎማው መሬት ሳይለቅ አላላሁ፤ ከዚያ በክሪክ አነሣኋት። ጎማውን ሳወልቅ አሮጌው ሸራ አልቆ፣ ባዶ ብረቱ ዲስኩን ሲፍቅ መክረሙን አየሁ። ዲስኩን በጣቴ ዳሰስሁት፤ ሻካራ ቢሆንም ገና አልተቦረቦረም። ሸራውን የሚይዘውን ብረት ፈትቼ የፍሬን ዘይቱ ቱቦ እንዳይወጠር በሽቦ አንጠለጠልሁት፤ ሸራውን የሚገፋውን ፒስቶንም ቀስ አድርጌ ወደ ውስጥ ገፋሁት። «አንዱ ጎን ብቻ ቢጮህም ሁለቱንም ቀይር፤ አለዚያ መኪናዋ እንደ ሰካራም ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች» ትዪኝ አልነበር? ሁለቱንም ቀየርሁ። እማማ ከታች፣ ከግቢው በር አጠገብ በሳፋ ልብስ እያጠቡ «ባለሙያ! ያስተማረህ አባትህ ይባረክ!» ይሉኝ ነበር። ያንቺን ምርቃት ለአባታችን ተቀበልሁለት።

ጎማዎቹን መልሼ አሰርሁ፤ ክሪኩን አወረድሁ፤ ድንጋዮቹን አነሣሁ፤ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ቁልፉን ለጋሼ አቀረብሁ። ምን እንደረሳሁ አንቺ እስካሁን እንዳወቅሽው አልጠራጠርም።

ግቢው ወደ በሩ ቁልቁለት ነው። ጋሼ ገብተው የእጅ ፍሬኑን ሲለቁ መኪናዋ መንሸራተት ጀመረች። ፔዳሉን ነካ አድርገው «ዝም አለች! ዝም አለች እኮ!» ብለው ሲደሰቱ ሰማሁ። ወዲያው ፔዳሉ ከእግራቸው ሥር እስከ ወለሉ ሰመጠ። «ፍሬን የለም! ተነሺ! አንቺ ሴትዮ ተነሺ!» ብለው ጮኹ። እማማ ሊነሡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው ግን እንደ እናታችን ነው፤ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። እኔ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ጋሼ ግራ ገብቷቸው ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡ፣ በመጨረሻ ያዘ። መኪናዋ ሳፋውን ጨፍልቃ፣ አፍንጫዋን በእማማ ቀሚስ ላይ አስደግፋ ቆመች።

«ፍሬን ሲጮህ አትፍራው፤ ዝም ሲል ፍራው» ያልሽኝን ያን ጊዜ አስታወስሁ።

መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ መቀባጠር ጀመርሁ። ፒስቶኑ ከተገፋ በኋላ ፔዳሉ እስኪጠነክር መረገጥ እንደነበረበት፣ እህቴ ይህን ሳታደርግ ቁልፍ ለማንም እንደማትሰጥ፣ እህቴ ብትሆን ኖሮ ይህ እንደማይደርስ ለፈለፍሁ። ጋሼ ወርደው ላባቸውን ጠረጉ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ «እህትህ ናት ያስተማረችህ?» አሉ። «አዎ» አልሁ። «ታዲያ ምነው ባለሙያዋን ትተህ ደቀ መዝሙሯን አመጣህብን?» አሉ፤ ቀልድ ይሁን ቁጣ አልገባኝም።

እማማ ግን አልቀለዱም። የረጠበ ቀሚሳቸውን ጫፍ እየጨመቁ በለሆሳስ «ልጄ፣ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው እህት ያለህ?» አሉኝ።

እዚያ ግቢ ስኖር እህት እንዳለኝ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። 

እትዬ፣ ነይ። ከመጣሽ በኋላ ልታናግሪኝ ባትፈልጊ እንኳ ነይ። ከማዶ ያለው ወረቀት ዛሬም እንደተለጠፈ ነው። ከመኪና ስትወርጂ የመፍቻ ሣጥንሽን እኔ እሸከማለሁ፤ በጎማ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው መንገድም እናልፋለን፤ ጢሞም ሆነ ሌላው ያየናል። ጋሼ የመኪናዋን ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበታል፤ ፔዳሉን የምትረግጠው እስክትመጣ ድረስ ለማንም አልሰጥም ብለዋል። እማማም ከክፍሌ ጎን ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ አስጠርገው ፍራሽ አስገብተውበታል፤ ለማን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እጅሽን ይባርክልሽ፤ ልብሽን ለእኔ ያራራልኝ።

መፍቻ አቀባይሽ የነበርሁት፣
ታናሽ ወንድምሽ