ማሽኑን አትውቀሰው

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጥቅምት 9

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ፤

እንዴት ነህልኝ? ሥራ እንዴት ይዞሃል? ብርዱስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን እንኳ ከእኔ ቀድመህ ታውቃለህ፤ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ካሜራህ ይነግርሃል። አሁን ራሱ ሳታየኝ አትቀርም። ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሬ ስታየኝ «እማዬ ምን እየጻፈች ነው?» ብለህ ይሆናል። ላንተ ነዋ! በስልክ ስናወራ «እሺ እማዬ፣ ስብሰባ አለኝ» ትለኛለህ። ወረቀት ግን ስብሰባ የለበትም፣ እስከ መጨረሻው ያስወራኛል።

ሰዎች ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሉኝ «ማሽን ማየት ያስተምራል» እላለሁ። «የዓይን ሐኪም ነው?» ይሉኛል። ማስረዳቱ ሲያቅተኝ «አዎ፣ እንደዚያ ነገር ነው» ብዬ እገላገላለሁ። አሁን ግን ማስረዳት ቀርቷል፤ የተማሪዎችህ ዘመዶች እኛው ፋብሪካ መጥተው ተሰቅለዋል።

የሸሚዝ ፋብሪካው ውስጥ ያለውን ጠረጴዛዬን ታስታውሰዋለህ፤ ያለቀለትን ሸሚዝ እየገለበጥኩ ኮሌታው የተጣመመውን፣ ቁልፉ የላላውን የማወጣበት። አሁን ከላዩ ካሜራ አለ። ሸሚዙ በሥሩ ሲያልፍ ጉድለት ካየ ቀይ መብራት ያበራል፤ የእኔ ሥራ ማንሳት ብቻ ሆኗል። እውነቱን ልንገርህ፣ ይበልጠኛል። እኔ ከምሳ በኋላ ዓይኔ ይደክማል፤ እሱ ምሳ አይበላ! በዚህ አልተቀየምኩትም። የከፋኝ ሸሚዙን ብቻ አለማየቱ ነው። ወደ ጎረቤቷ ዞራ ያወራችም ሴት ላይ ያው ቀይ መብራት ይበራባታል። አለቃችን ሰብስቦ «ካሜራው እናንተኑ ለመጠበቅ ነው» አለን። ከጎኔ የምትቀመጠው፣ ሳቂታ የምንላት፣ «ከማን?» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የመጨረሻ ሳቃችን እሱ ነበር መሰለኝ። አሁን ያን ያህል ሴት ተቀምጦ የሚሰማው የማሽን ድምፅ ብቻ ነው። ሳቂታ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማውራት ተለማምዳለች። የምትለው አንዱም አይገባኝም፤ ዝም ብዬ ጭንቅላቴን እነቀንቅላታለሁ።

ቤትም ስመጣ እንደዚያው ነው። ካሜራውን የላክህልኝ መታጠቢያ ቤት ተንሸራትቼ ከወደቅኩ በኋላ ነው። አስበህልኝ ነው፣ አላጣሁትም። ግን ፀጉር ሰሪዋን ጎረቤቴን አሳጣኝ። እሑድ እሑድ እየመጣች ፀጉሬን እየሠራች ባሏን ታማልኝ ነበር። ካሜራው በመጣ ሰሞን አንድ እሑድ ግማሹን ጎንጉና ቀና ስትል አየችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የልጄ ነው። እንዳልወድቅ ብሎ።»

«ስትወድቂ ይይዝሻል?»

«አይ፣ ለእሱ ይነግረዋል።»

«እኔንም ያየኛል ማለት ነው?»

«ሳያይሽ አይቀርም።»

«ጉድ ፈላ! ስለ ባሌ የምነግርሽን ሁሉ ልጅሽ ሲሰማ ሊውል?»

«ድምፅ አይሰማም ብሎኛል።»

«ከንፈር የሚያነብም አይጠፋም!» አለችና ፎጣዋን አንስታ ጣል አደረገችበት። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አንተ ነህ። «እማዬ፣ የሆነ ነገር ሸፍኖታል፣ አንሺልኝ» አልከኝ፤ ትዝ ይልህ ይሆናል። እሷ ይህን ስትሰማ ማበጠሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ያንቺን ቤት የምወደው ማንም ስለማያየኝ ነበር» ብላኝ ወጣች። ፀጉሬም ግማሹ ተጎንጉኖ ግማሹ እንደተበተነ ቀረ።

ሰኞ በሻሽ ጠቅልዬው ሥራ ሄድኩ። የፋብሪካው በር ደግሞ አሁን ፊት አይቶ ነው የሚከፈተው። ሻሹን ወደ ላይ ሳብኩት፣ ወደ ታች ሳብኩት፣ በጄ አላለም። ዘበኛው እዚያ በር ላይ የሸበተ ሰው ነው። «እኔማ አውቅሻለሁ፤ እሱ ነው ያላወቀሽ። ምን ላድርግ እህቴ?» አለኝ። ሻሼን አውልቄ፣ ያን ጉድ ፀጉር ለወጪ ወራጁ አሳይቼ ገባሁ።

ፀጉር ሰሪዋ አሁንም ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። ግቢ ስላት ግን «ልጅሽ ደህና ነው?» ብላ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ታጮልቅና ትሄዳለች።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

የመጀመሪያው ጊዜ የሸሚዝ ቁልፍ ወድቆብኝ አልጋ ሥር ስፈልግ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ነበር። ስልኩ ጮኸ። «እማዬ! እማዬ! ወደቅሽ?» ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቁልፍ ፍለጋ መሆኑን ስነግርህ ሳቅክ። ሳቅህን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ልጅ ሆነህ ቁልፍ ውጠህ ሰፈር ያስጨነቅከውን አነሳን፤ ስብሰባህም ቀረ። በሌላው ሳምንት ደግሞ መርፌ ጠፋብኝ። ቀጥሎ ወገቤን አሞኝ ጠንከር ያለ ነገር ላይ ጋደም ማለት ተሻለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ምን እንደጠፋብኝ ረስቼዋለሁ። ወለሉ ቀዝቃዛ እንደነበረ ግን አስታውሳለሁ።

ባለፈው ስትደውል ተበሳጭተህ ነበር፤ በእኔ ሳይሆን በማሽኑ። «እየተሳሳተ ነው እማዬ። ከሚቀጥለው ወር ካሜራውን ለሸጠልኝ ድርጅት ሰዎች አስተላልፈዋለሁ። እነሱ ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ከወደቅሽ እነሱ ይደውሉልሻል» አልከኝ። እሺ አልኩህ። ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ግን ካሜራውን ቀና ብዬ አየሁት። ሰዎቹ እነማን ናቸው? ከመታጠቢያ ቤት በፎጣ ስወጣ ሊያዩኝ ነው? ብቻዬን ቁጭ ብዬ ስበላ ሊያዩኝ ነው? ከአንተ የምደብቀው ገመና የለኝም፤ አጥቤ፣ አዝዬ ያሳደግኩህ ልጄ ነህ። እነሱን ግን አላውቃቸውም። ደግሞስ ቢደውሉ፣ «እማዬ» ሊሉኝ ነው? «ደንበኛችን» ነው የሚሉኝ።

ማሽኑን አትውቀሰው ልጄ። አልተሳሳተም። ወለሉ ላይ ተኝታለች አለህ፤ ተኝቼ ነበር። ለምን እንደተኛሁ አላስተማርከውም፤ ከየት አምጥቶ ይንገርህ?

ስለዚህ ላነሣው ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይላሉ፤ ፀጉር ሰሪዋንም ነገ ትመጣልኝ እንደሆን እጠራታለሁ። አትቆጣኝ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አድርሼ ስመለስ ሶኬቱን እነቅለዋለሁ። ደብዳቤው አንተ ጋ እስኪደርስ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ስክሪንህ ግን ዛሬውኑ ይጠቁራል። መጀመሪያ ደብዳቤው ደርሶህ ከዚያ ብነቅለው አትደነግጥም ነበር፤ አስቤበታለሁ። ቢሆንም ዛሬ ነው የምነቅለው። ስልኩን ይዤ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ። ስትደውል ስለ ሶኬቱ አትጠይቀኝ። ምን በላሽ በለኝ፤ ሳህኔን ስታየው ከርመሃል፣ ጣፍጦኝ እንደሆነ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም።

የጀመርከው ይቅናህ፣ የያዝከው ይባረክልህ። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፣ ከደግ ሰው ያገናኝህ። ቤትህ ሰው አይጣ።

እናትህ