የዘንዶው ዳይስ

አባይነህ፣

ለስኳሩ እንዳትወጣ። ኩፖኑን ይዤ ቀበሌ ሱቅ ሄጃለሁ። ወረቀት ላይ በምንጫወተው የጦረኛና የዘንዶ ጨዋታችን የተሸነፈ ይሰለፋል እንደተባባልን አልረሳሁም። ትናንት የተሸነፍከው አንተ እንደሆንክም አልረሳሁም።

ጠዋት ማርያምን ልትሳለም ስትወጣ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ጦረኛህ በሉዶው ዳይስ ከሁለት ውርወራ አንዴ ይመታል፤ ሲመታም በሁለተኛ ውርወራ በአማካይ ሦስት ተኩል ነፍስ ይቀንሳል። የዘንዶዬን አሥራ አራት ነፍስ ለመጨረስ ስምንት ዙር ይበቃዋል። ዘንዶዬ ደግሞ የሚነክሰው በእኔ ዳይስ ስድስት ሲመጣ ብቻ ስለሆነ፣ ጦረኛህን በሁለት ንክሻ ለመግደል አሥራ ሁለት ዙር ይፈጅበታል። በሒሳቡ ማሸነፍ የነበረብህ አንተ ነህ። ታዲያ በአምስተኛው ዙር እንዴት ሞትክ?

«ያንተ ዳይስ ጠማማ ነው» ስትለኝ «ሽንፈት አይሆንልህም» ብዬህ ነበር። ያንን ዳይስ ከባሕር ዛፍ ስቀርጽ ጣቴን ሁለት ቦታ ቆርጬበታለሁ፤ ጠማማ ሲሉበት ማን ደስ ይለዋል?

ዛሬ ስድሳ ጊዜ ወረወርኩት፤ በሒሳቡ ስድስት አሥር ጊዜ ያህል መምጣት ነበረበት።

ስድስት ሃያ ጊዜ መጣ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። ላምባው ጥቂት ስለሆነ ቡታጋዙን ቶሎ አጥፋው። ጎረቤታችን ጫልቱ ትናንት ላንተ ስትፈርድ ነበር፤ የሃያውን ነገር እሷ ባትሰማ ይሻላል።

ከአሁን በኋላ ዘንዶውም በሉዶው ዳይስ ነው የሚነክሰው። ጦረኛህን ከሞት አስነስቼ አሥሩንም ነፍሱን በእርሳስ መልሼ ጽፌለታለሁ። ዘንዶውን ግን ራስህ ግደለው፤ ያን ያህል አልተጸጸትኩም።

ወጋየሁ