ባሌ ስለተሸለመበት ነዳጅ

ለተከበሩ ሚስተር ክሊፍተን ራዝሙስ
የታማኝ ክንፍ የነዳጅ ሽልማት ማኅበር ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና በላኩልኝ ደብዳቤ ግርጌ በፎቶግራፍ ፈገግ ብለው ለሚታዩት አሥራ አራት የሥራ ባልደረቦችዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔም ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ።

ማኅበርዎ በየዓመቱ ለአንድ የድርጅት ጄት አብራሪ የሚሰጠውን ዋንጫ በሟቹ ባለቤቴ በካፒቴን ኦሪን ዳልኪ ስም መሰየሙን፣ እኔም በመጋቢት ወር በሚደረገው የእራት ግብዣ ተገኝቼ ይህንኑ «የታማኝነት ዋንጫ» ለመጀመሪያው ተሸላሚ በእጄ እንድሰጥ መጋበዜን በአክብሮት አንብቤአለሁ። በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜዬ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ ስለማላውቅ፣ መልሴን በሃልቨር ከተማችን ጋዜጣ በኩል መስጠት መርጫለሁ፤ አዘጋጁም አንድ ቃል ሳይቆርጥ እንደሚያወጣው ቃል ገብቶልኛል።

ማኅበርዎን ለማያውቁ ጎረቤቶቼ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጄት ያለው ድርጅት የነዳጁን ዋጋ ይከፍላል፤ የት እንደሚቀዳና ስንት ጋሎን እንደሚቀዳ የሚወስነው ግን አብራሪው ነው። እናንተም አብራሪው ከእናንተ ጣቢያ በቀዳና ባበዛ ቁጥር ለእሱ ለራሱ ነጥብ ትሰጡታላችሁ፤ ነጥቡም ተጠራቅሞ የስጦታ ካርድ፣ የወይን ጠርሙስ ወይም የጎልፍ ዱላ ይሆናል። ይህ ለሌላ ሰው ቤት ወጥ ለምትሠራ ሴት በጨመረችው ጨው ልክ ሽልማት እንደ መስጠት ነው፤ ወጡን የምትበላው እሷ አይደለችም። በዚህ ጥበብ ላይ ያሉኝን ቅሬታዎች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ስለ አድራሻ ነው። ኦሪን ሃያ ሁለት ዓመት ያበረረው ለሚስተር ሎውል ቲትዝ የእህል ጎተራ ፋብሪካ ሲሆን፣ ካርዶቻችሁ ግን አንድም ቀን በፋብሪካው አድራሻ መጥተው አያውቁም፤ የሚመጡት እኛ ቤት ነበር። ይህ የነዳጁን ዋጋ የሚከፍሉት ሚስተር ቲትዝ ተጨማሪ ደብዳቤ በማንበብ እንዳይደክሙ ታስቦ ከሆነ፣ አሳቢነታችሁ ልብ ይነካል። አንድ ቀን «ሁልጊዜ እዚያ የምናርፈው ነዳጁ ስለሚረክስ ነው እንዴ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ኦሪን «ቡናቸው ጥሩ ነው አለቃ» ብሎ እንዳሳቃቸው እቤት መጥቶ ነግሮኛል። እኔንም አሳቀኝ።

ይህ ሰው፣ ክቡር ሆይ፣ የሸቀጥ መደብር ሠራተኛዋ ተሳስታ አንድ ዶላር ብታበዛለት ስድስት ማይል ነድቶ የሚመልስ ሰው ነበር። ሌባ ብታገኙ ኖሮ ሥራችሁ ቀላል በሆነ ነበር፤ ሐቀኛውን ሰው በጥቂት በጥቂቱ ማለማመድ ግን ሙያ ይጠይቃልና አድናቆቴን ልገልጽላችሁ እወዳለሁ።

2ኛ፦ የማኅበራችሁን ደንብ አሥራ ዘጠኙንም ገጽ በማጉያ መነጽር አንብቤ ጨርሻለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአሥረኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከከተማችን ቤተ መጻሕፍት ለቃቅሜ ስላገኘሁት ትናንሽ ፊደላት አያስፈሩኝም። በአሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ሽልማቱን መቀበል ከአሠሪው መመሪያ ጋር የሚስማማ መሆኑን ማረጋገጥ የአባሉ ብቻ ኃላፊነት ነው ይላል። እንዴት ያለ ጨዋነት ነው! አሥራ ስድስት ገጽ ሙሉ ስታባብሉት ቆይታችሁ፣ በአሥራ ሰባተኛው ላይ ኅሊና የሚባል ነገር እንዳለና እሱም የአብራሪው የግል ንብረት እንደሆነ ታስታውሱታላችሁ። ስለ ሥነ ምግባር የተጻፉ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት ተውሼ ነበር፤ አብዛኛው አልገባኝም። የገባኝ ይህ ነው፦ ተቀባዩ ለከፋዩ ፊት ለፊት ሊናገረው የማይደፍረው ስጦታ፣ ስሙ ስጦታ አይደለም።

3ኛ፦ ይህኛው ይረዝማልና እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በየካቲት ወር፣ ኦሪንና ረዳት አብራሪዋ ጆሊን ስቱፕካ ሚስተር ቲትዝን ከቴክሳስ ወደ ሃልቨር ይዘው ሊመለሱ ነበር። በዚያ ሳምንት በቴክሳሱ ጣቢያችሁ ነጥቡ ሦስት እጥፍ ሆኖ፣ ታንኩን ለሞላ አብራሪ ደግሞ በበረዶ የታሸገ አንድ ሣጥን ስቴክ፣ ማለትም ለጥብስ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ፣ ይመረቅለት ነበር። ለሁለት ሰዓት በረራ ታንክ መሙላት አያስፈልግም፤ ለቀጣዩ በረራም ቢሆን ነዳጅ እዚህ ሃልቨር ይረክሳል። የእኛ ማኮብኮቢያ ግን አጭር ነው፣ በዚያ ቀንም በረዶ ተጋግሮበት ነበር፤ አውሮፕላን ደግሞ በከበደ ቁጥር ለመቆም የሚፈልገው መሬት ይረዝማል።

ኦሪን ከጣቢያችሁ ባንኮኒ ደወለልኝና «ማርሊስ፣ ዛሬ ሦስት እጥፍ ነው፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ቦታ አብጂ!» አለኝ። ከኋላው ጆሊን፣ «ካፒቴን፣ ሃልቨር እኮ በረዶ ነው። ይህን ሁሉ ጭነን ከባድ ሆነን ነው የምናርፈው፤ ግማሹ ይበቃናል» ስትል ሰማኋት። ኦሪን ስልኩን እንኳ ሳይሸፍን «አንቺ ልጅ፣ እኔ በበረዶ ላይ ማሳረፍ ስጀምር አንቺ ገና ጡጦ ላይ ነበርሽ» አላት፤ ባንኮኒው አጠገብ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ክቡር ሆይ። ከዚያም «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስምንት ሰው ይመጣል፤ ወፋፍራሙን ምረጥ» አልኩት። ከብቱ ከሰው በሚበዛበት በኔብራስካ እየኖርኩ ከቴክሳስ ሥጋ በጄት ያስጫንኩ ሴት ነኝና፣ ይህ የንጹሕ ሰው ደብዳቤ እንዳይመስልዎ።

ሲያርፉ ተራው የእሷ ስለነበር መሪውን የያዘችው ጆሊን ነበረች። አውሮፕላኗ በወረቀት ከተፈቀደላት ክብደት አላለፈችም፤ ወረቀት ግን በበረዶ ላይ አያቆምም። ከማኮብኮቢያው ጫፍ አልፋ ከታጨደ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ገባች፤ የፊት እግሯ ጎበጠ፤ ሚስተር ቲትዝ አንድ እጃቸው ወለም አላቸው። የሞተ የለም። በማግሥቱ ሚስተር ቲትዝ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቁ ኦሪን «ልጅቷ ዘግይታ ነው መሬት ያስነካቻት» አላቸው። ስለ ነዳጁ የጠየቀም የተናገረም አልነበረም። ጆሊን «ከባድ እንሆናለን ብዬው ነበር» ብትል የሚመሰክርላት ጠፍቶ በሳምንቱ ተባረረች። የስቴኩ ሣጥን ግን ከማሳው ተለቅሞ ቤታችን ደረሰ። እሁድ ጠብሼ ለእንግዶቼ አቀረብኩ፤ ለስላሳነቱንም አመሰገኑልኝ። ኦሪን ከሦስት ዓመት በፊት በልብ ሕመም እስኪሞት ድረስ ያ ቀን በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም።

ጆሊን ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዛሬ እህል የሚጭን ከባድ መኪና ትነዳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሣር ሜዳ ላይ ማብረር ታስተምራለች። የትም ሥራ ብትጠይቅ የሚያነሡባት ያችኑ ቀን ነውና። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሳምንት፣ ቅዳሜ ወደ ሜዳው ሄጄ የሰማሁትንና የደበቅሁትን ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጓንቷን አውልቃ «ሰምተውኝ ነበር?» አለች። ቃል በቃል እንደሰማኋት ነገርኳት። «እኔ እኮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ምናልባት ድምፄን ከፍ አድርጌ አልተናገርኩ ይሆናል እያልኩ ነው የኖርኩት» አለችኝ። ሕመምተኞችን በአውሮፕላን የሚያመላልስ አንድ ድርጅት ሊቀጥራት እንዳሰበና፣ ስለዚያች ቀን እስከዚህ ወር መጨረሻ ማስረጃ ያለው ማብራሪያ እንድታቀርብ እንደጠየቃት የነገረችኝም ያን ጊዜ ነው። ከዚያ «ወይዘሮ ዳልኪ፣ አሁን ይሂዱልኝ፤ ተማሪ እየጠበቀኝ ነው» አለች። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

4ኛ፦ ስለዚህ የባለቤቴን ስም ከዋንጫችሁ ላይ እንድታነሡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ታማኝ ነበር ማለታችሁ እውነት ነው፤ ለእናንተ ታማኝ ነበር። ለከፋዩ ለሚስተር ቲትዝ፣ አጠገቡ ለተቀመጠችው ልጅና በመጨረሻም ለራሱ ግን አልነበረም፤ እንደዚያ እንዲሆንም በሦስት እጥፍ ሸልማችሁታል፣ እኔም አጨብጭቤለታለሁ።

በእራት ግብዣው ላይ እንዳደርገው ይጠበቅብኝ የነበረው ንግግር ይኸው ነው። እኔ ማርሊስ ዳልኪ፣ ጆሊን ስቱፕካ በዚያ ቀን ከመነሣታቸው በፊት አውሮፕላኗ ከባድ እንደምትሆን ለካፒቴኑ በግልጽ መናገሯን በስልክ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህንኑ ውል አዋዋይ ፊት ቀርቤ በመሐላ ፈርሜ፣ ሊቀጥራት ላሰበው ድርጅትና ለሚስተር ቲትዝ ልኬአለሁ። ድምፅዋ ከፍ ያለ ነበር። እስከ ኔብራስካ ተሰምቷል።

በአሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ ለሰጣችሁት፣ እኔም ዘግይቼ ቢሆን ለወሰድኩት ኃላፊነት ከልብ እያመሰገንኩ፣

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣
የማኅበርዎ ስጦታዎች የሃያ ሁለት ዓመት ተቀባይ
ማርሊስ ዳልኪ
ሃልቨር፣ ኔብራስካ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጸሐፊዎ ደውላ፣ ነጥብ የሚገባው ነዳጁን ለገዛው ሰው ብቻ ስለሆነ የኦሪን ቀሪ ነጥብ ወደ እኔ ሊዛወር እንደማይችል በታላቅ ሐዘን ገልጻልኛለች። ሐዘኑ አያስፈልግም፤ ከደንባችሁ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ኦሪን በዕድሜው አንድ ጋሎን የጄት ነዳጅ ገዝቶ ስለማያውቅ፣ ነጥቡን ለገዢው ለሚስተር ሎውል ቲትዝ እንድታስተላልፉ አሳስባለሁ። የፋብሪካቸው አድራሻ ከጠፋባችሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረሰኝ ስትልኩበት የኖራችሁት እሱ ነው።