ሰሃን የሚያካክሉ ቁልፎች

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለሚጡዬ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም ደህና ናት። በስልክ እንዳልነግርሽ ገና ሳልጀምር «እማ፣ በቃ ገባኝ» ትያለሽ። ስለዚህ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ለመመረቂያሽ ሠርተሽ «ሞክሩልኝ» ያልሽን የስልክ ጨዋታ ስፌት ቤቱን ሥራ አስፈትቶታል። ከላይ የሸሚዝ ቁልፎች ይወርዳሉ፤ ከታች ሸሚዙን ግራና ቀኝ እየገፉ ቀለሙ የሚመሳሰለውን መቀበል ነው። አለቃችን እንኳ «ለጥራት ቁጥጥር ነው» እያለ ይጫወታል። ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ደርሷል፤ ጉራውን አልቻልነውም።

እኔ ግን ከሦስተኛው ንቅንቅ አላልኩም። ጥፋቱን ባንቺ ላይ መጣሌን ይቅር በይኝ። «ቁልፎቹ አነሱ» አልኩሽ፣ አሳደግሽልኝ። «አሁንም አነሱ» አልኩሽ፣ ደግመሽ አሳደግሽ። «ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ስተክል የኖርኩትን አንቺ ስለ ቁልፍ ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ መቆጣቴም ትዝ ይለኛል።

ማክሰኞ ያስተካከልሽው ሲደርሰን፣ ካውያ የምትይዘው ጓደኛዬ ከፍታ አየችው።

«ልጅሽን ምን ነካት? ይሄ ቁልፍ ነው ሰሃን?»

«አሁንም ትንሽ ነው» አልኳት።

ካውያዋን አስቀመጠች። ከዚያ መርፌና ክር አቀበለችኝ። እንደ ልማዴ በጣቴ ዳብሼ ክሩን አስገባሁት። «እሱማ ጣትሽ ነው። እስቲ እያየሽ አስገቢው» አለች። አቃተኝ፣ ሚጡዬ። ለካ ስንት ጊዜ በዳበሳ ስሰፋ ኖሬያለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ትንሽ አውቄው ነበር። ዓይኗ ደከመ ተብዬ ከመኪናዬ እንዳልነሳ ፈርቼ ነው በጨዋታሽ ያሳበብኩት።

እጄን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ «በሽታ የለም፣ ዕድሜ ነው» አለ። ዛሬ ጠዋት መነጽሬን ተቀብዬ ስፌት ቤት ስገባ አለቃችን ቀና ብሎ አየኝ። «ጎሽ፣ እኔም እኮ ያለሱ የስፌቱ ጫፍ አይታየኝም» አለና የራሱን መነጽር ከኪሱ አወጣ። ስንት ወር በከንቱ ተጨነቅሁ። በምሳ ሰዓት አሥረኛው ደረጃ ገብቼ ጉራውን አስተነፈስኩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሰኞ ታስረክቢያለሽ፤ ወደፊት ሥራ የሚሰጡሽም ሰዎች የሚያዩት ይህንኑ ነው። ቁልፎቹን ወደ ድሮው መልሻቸው። መጀመሪያ የሠራሽው ልክ ነበር።

እኔ ስልክ ላይ ያለውን ግን አትንኪው። እኔ ስቆጣ አንድም ቀን ሳትመልሺልኝ ያሳደግሻቸው ቁልፎች እዚያው ይቆዩልኝ። ስትናፍቂኝ መነጽሬን አውልቄ እሱን እጫወታለሁ።

እጅሽ ይባረክ፤ የጀመርሽው ሁሉ ይቃናልሽ።

ባለመነጽሯ እናትሽ